የአራት መቶ አሥራ ሰባት ምስማር

ኤቫልድ ካንጃ ሃያ ሁለት ዓመት ከሠራበት የከሰል ጉድጓድ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው እንደ ሌባ በጓሮ በር ነበር። በዋናው በር የማርሽ ባንዱ ጡሩምባውን ይወለውላል፣ ከዋርሶ የመጡት ሹማምንት ንግግራቸውን ያገላብጣሉ፣ ሚስቱ ትሩድካ ደግሞ የጋገረችውን ኬክ በትሪ ይዛ ከሌሎቹ ሚስቶች ጋር ትጠብቀዋለች። እሱ ግን ንግግር የሚሰማበት አንጀት አልነበረውም። የመጨረሻዋን ፉርጎ ከሰል በአበባ አሽሞንሙነው ሲያወጧት፣ አንዱ ባለ ከረባት ደግሞ ስለ ንጹሕ አየር ሲያስረዳው፣ ቆሞ ማጨብጨብ አልሆንልህ አለው። ስለዚህ ታጠበ፣ ልብሱን ቀየረና በአሮጌው የእንጨት መጋዘን በኩል ሹልክ አለ። ለትሩድካ እንኳ አልነገራትም፤ ስልኩም እሷ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ኪሱ ውስጥ ደግሞ መሆን የሌለበት ነገር ነበር። የሳንቲም ያህል የሆነች፣ 417 የሚል የተቀረጸባት የናስ ቁጥር። በዚያ ጉድጓድ ማንም ሰው ሲወርድ ከመብራት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ የራሱን ቁጥር ከምስማሩ አንስቶ ይይዛል፤ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላል። ምስማሩ ባዶ ከሆነ ሰውየው ገና ምድር ውስጥ ነው። ይህን በከተማዋ የማያውቅ የለም፣ አፍ ያልፈታ ሕፃን ካልሆነ በቀር። ኤቫልድም በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሳይሰቅል ወደ ቤቱ ሄዶ አያውቅም፤ ሰክሮም፣ ታሞም፣ አባቱን ለመቅበር ሲጣደፍም ሰቅሏል። የዚያን ቀን ግን ነገ ማን ሊወርድ ነው፣ ማንስ ሊቆጥር ነው ብሎ አሰበ። ሰሌዳው ሰኞ ተነቅሎ ወደ ሙዚየም እንደሚሄድ ሰምቷል። ቁጥሩን ለባዕድ መስታወት ከመስጠት እኔው ልያዘው አለና ኪሱ ከተተው።

በዚህ ላይ ሁሉም ነገር ተባብሮ አሳሳተ። መብራቶቹ ለጨረታ ስለሚወጡ የወጣው ሁሉ መብራቱን ሳጥን ውስጥ እየወረወረ ነበር የሄደው፤ የማን ገባ የማን ቀረ የሚል የለም። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ልብስ የሚሰቀለው በሰንሰለት ወደ ጣሪያው እየተጎተተ ነው፤ አንዱ ልብስ ከላይ ተንጠልጥሎ ከታየ ባለቤቱ ገና አልወጣም ማለት ነው። ኤቫልድ የሥራ ልብሱን ወደ ቤት ይዞ መሄድ ከበደው። መጣሉም አንጀቱን በላው። ስለዚህ አጣጥፎ መንጠቆው ላይ አደረገና ወደ ላይ ጎትቶ ትቶት ሄደ።

ቤቱ ሲደርስ በቀጥታ ወደ እርግቦቹ ወጣ። ከቀዩ የጡብ ቤት ጀርባ፣ ከደረጃው በላይ፣ አባቱ የሠራው የእርግብ ቤት አለ። ገብስ በተነላቸውና በርሜል ላይ ተቀመጠ። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ለጡረታ ሦስት ዓመት ጎድሎታል። ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ጉድጓድ ሂድ ብለውታል፤ እሱም በአምስት ዓመት ውስጥ የሚዘጋ ነው። ካልሆነ ደግሞ ፀሐይን ወደ መብራት የሚቀይረው ድርጅት ሰው ይፈልጋል። ድርጅቱ የሰፈረው የት መሰላችሁ፣ ከጉድጓዱ የወጣው ድንጋይ ለመቶ ዓመት ሲከመር ተራራ የሆነበት ላይ። ያን ድንጋይ ያወጣው አያቱ ነው፣ አባቱ ነው፣ እሱ ነው። አሁን ባዕድ የፀሐይ መስታወት ሊደረድርበት።

እዚያ እንዳይሄድ ያደረገው ግን መስታወቱ ሳይሆን ቴኦፊል ነበር። ቴኦፊል ቭራዚ እና ኤቫልድ ሥራ የጀመሩት በአንድ ቀን ነው፤ አንዱ 417 ሌላው 418። ሃያ ዓመት ሙሉ ስድስተኛው መተላለፊያ ውስጥ፣ አንዲት ሣጥን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የአሳማ ስብ የተቀባ ዳቦ በኮምጣጤ ከተዘፈዘፈ ኪያር ጋር ሲበሉ ኖረዋል። ባለፈው ዓመት ቴኦፊል ጉድጓዱ መዘጋቱ ካልቀረ ቀድሜ ሙያ ልማር ብሎ ተነሣና ወደ ፀሐዩ ድርጅት ሄደ። ኤቫልድ እንደ ከዳው ቆጠረው። በመንገድ ሲያገኘው "መስታወት ወልዋይ" እያለ ሰደበው፤ ከዚያም በላይ፣ ሰላምታውን ነሳው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የጉድጓድ ሰዎች እንደምን አደርክ አይባባሉም፤ "እግዜር ያግዝህ" ነው የሚባባሉት፤ መልሱም ያው ነው። ሚስቱን የቀማውን ሰው እንኳ ቢሆን መልስ የነፈገ የለም፣ ምክንያቱም ነገ ከምድር በታች ማን ማንን እንደሚያወጣ አይታወቅም። ኤቫልድ ስምንት ወር ሙሉ ነፈገው። ቴኦፊል ግን እንደ ጅል፣ ባየው ቁጥር እግዜር ያግዝህ ማለቱን አልተወም ነበር።

ኤቫልድ ይህን እያሰበ ሳለ ሳይረኑ ጮኸ። ረጅም፣ ከዚያ አጭር፣ ከዚያ ረጅም። ከጉድጓድ ያልወጣ ሰው አለ ማለት ነው። እርግቦቹ በአንድ ጊዜ ተነሡ። ኤቫልድ ደረጃውን እንዴት እንደወረደው አያውቅም። በየቤቱ በር ሰው ወጥቷል፤ የመጨረሻ ቀን፣ የመጨረሻ ሰዓት፣ አሁን ማንን ይሆን እያለ ከሰው ሁሉ ጋር ሮጠ። ማንም ይሁን ሊወርድለት ቆርጦ ነበር፤ ያ ሐሳብ እንዲያው በእግሩ ውስጥ ነው የነበረው።

ዋናው በር ላይ ሙዚቃው ቆሟል። ባለ ከረባቱ ወረቀቱን እንደያዘ ተገትሯል። አበባ የለበሰችው ፉርጎ ዞር ብሎ የሚያያት አጥታ ቆማለች። ኤቫልድ ሕዝቡን ከኋላ እየገፋ ገባና ፊት ለፊቱ ያገኘውን አንድ የማያውቀውን የባንድ ሰው ትከሻ ያዘ።

"ማን ነው የቀረው?"

"አራት መቶ አሥራ ሰባት ነው ያሉት።"

እጁ ሳያዘው ወደ ኪሱ ገባ። ናሷ ሞቃ ነበር፤ ሲሮጥ ከጭኑ ጋር ስትጋጭ ነው የመጣችው። ኤቫልድ ክው ብሎ ቀረ። ለአፍታ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዞሮ መሸሽ አሰበ። ወደ እርግቦቹ ተመልሶ ማታ ተኝቼ ነበር ማለት ይችላል። ሰው በሀፍረት ጊዜ የሚያስበው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ግን በሕዝቡ መሐል ትሩድካን አያት፤ ትሪውን እንደያዘች፣ ፊቷ ነጭ ሆኖ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ። እየጸለየች ነበር። ያ ወደ ፊት ገፋው።

ስታየው ትሪው ከእጇ ወደቀ። መጀመሪያ አቀፈችው፣ ቀጥላ በጥፊ መታችው፣ ከዚያ ደግሞ አቀፈችው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከድንጋጤ የሚመጣ ሳቅ ነበር። አንዱ ሬሳው በእግሩ መጣ አለ። ኤቫልድ ግን የሚስቅ ፊት አልነበረውም። ትሪውንና ትሩድካን እዚያው ትቶ ወደ መብራት ክፍሉ ገባ።

እዚያ በርናዴታ አለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መብራት የሰጠችና ቁጥር የተቀበለች ሴት። እትዬ በርና ይሏታል፤ የጉድጓዱ ዲሬክተር እንኳ አንቺ አይላትም። የሁሉ መብራት በሳጥን ሲወረወር፣ ሁሉ ወደ ሙዚቃው ሲሮጥ፣ እሷ ብቻ ቀርታ ሰሌዳውን እንደ ወትሮው ከላይ እስከ ታች አየች። አንድ ምስማር ባዶ ሆኖ አገኘችው። ዛሬማ ማንም ረስቶ ሄዶ ይሆናል አሏት። ሥነ ሥርዓቱ ይለፍና እናያለን አሏት። መታጠቢያ ቤት ሄዳ ሰንሰለቱን ቀና ብላ ስታይ ልብሱ ተንጠልጥሏል። ትሩድካንም ጠየቀች፤ አላየሁትም አለቻት። በርናዴታ ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቀችም፤ ሳይረኑን ራሷ ጫነችው።

ኤቫልድ ቁጥሩን አወጣና፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ ራሱ ምስማር እጁን ዘረጋ። በርናዴታ እጁን ያዘችው።

"ቆይ" አለችው። "ይሄን ሰቅለህ ልትገላገል ነው? ጎኑን እየው።"

ጎኑ 418 ነው። ቴኦፊል ሥራውን ሲለቅ ቁጥሩን በሥርዓት ሰቅሎ ነበር የሄደው፤ ስምንት ወር ሙሉ ከኤቫልድ ቁጥር ጎን ያለ ሥራ ተንጠልጥላ ነበር፣ ኤቫልድም በየማለዳው እንዳላያት እያለፈ። አሁን ምስማሩ ባዶ ነው፤ እሱን ፍለጋ እንደወረዱት እንደ ሌሎቹ ሰዎች ሁሉ።

"ወርዷል" አለች በርናዴታ። "ለበዓሉ ተጋብዞ መጥቶ ነበር። 417 ሲባል ኮፍያውን እኔ ላይ ጥሎ ቁጥሬን ስጪኝ አለኝ። የነፍስ አድን አለቃው ከለከለው። አልሰማም። የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ሄደ።"

ጠረጴዛዋ ላይ የቴኦፊል ባለ ጥቁር ላባ የበዓል ባርኔጣ ተቀምጧል። ኤቫልድ የት እንደሄደ ሳይነገረው ገባው። ስድስተኛው መተላለፊያ። ሣጥኗ ያለችበት። ጣሪያውን የሚደግፈው ብረት ባለፈው ሳምንት ተነቅሎ ወጥቷል፤ የስልኩ መስመርም ተቆርጧል። ማንም እዚያ እንዳይገባ በቀይ ገመድ ተዘግቷል። ኤቫልድ ራሱ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ገመዱን ዘሎ ገብቶ፣ ሣጥኗ ላይ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም። ቴኦፊል አላየውም፤ ግን አወቀው።

መብራት ስጭኝ ብሎ ለመናት። በርናዴታ አልሰጠችውም። ሌሎቹ ፈላጊዎች በስልክ ተጠርተው እየወጡ መሆናቸውን፣ ስልክ ወደሌለበት ስድስተኛው ግን አለቃው የላካቸው ሁለት ነፍስ አድኖች ቴኦፊልን ሊጠሩ መውረዳቸውን ነግራው፣ አንተ ደግሞ ወርደህ ማን ይፈልግህ አለችው። ወንበር እንኳ አልሰጠችውም። ሰሌዳው ፊት አቆመችው፣ ቁጥሩን በእጁ እንደጨበጠ።

ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ ኤቫልድ ከዚያ በኋላ ለትሩድካ ሊነግራት ሞክሮ አልሆነለትም። ፈላጊዎቹ በአሳንሰሩ እየተከፈሉ ወጡ። አርባ ሦስት ሰው ነበር የወረደው። ግማሾቹ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ ግማሾቹ ታጥበው ሸሚዝ ቀይረው፣ ለዘላለም ወጣን ብለው ከተሳሳሙበት ጉድጓድ እንደገና ወርደዋል። የተሳደበው ብዙ ነው፤ አንድ ሰውዬ እንኳን ደህና መጣህ፣ አንተ ጉደኛ፣ ብሎ ጀርባውን መታው። ሌላው የጠቆረውን ሸሚዜን ትሩድካ ታጥበዋለች እያለ አለፈ። ቁጥራቸውን አንድ በአንድ እየሰቀሉ ሄዱ። ኤቫልድ ለእያንዳንዱ አመሰግናለሁ ይል ነበር፤ መጀመሪያ ጮክ ብሎ፣ በኋላ ድምፁ እየጠፋ። ከእነሱ ውስጥ ስማቸውን የማያውቃቸው ነበሩ። በስብሰባ የተጨቃጨቃቸው ነበሩ። ወጣት ሆኖ አንድ ጊዜ የደበደበው ሰው ነበር። ሁሉም እሱን ፍለጋ ነበር የወረዱት።

እውነት እላችኋለሁ፣ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ቀኑን ሙሉ እንደ እቃ ጣሉኝ ሲል ነበር የዋለው። ጣሉኝ ያለው ሰው ለእሱ ብለው አርባ ሦስት ሰዎች ሰባት መቶ ሜትር መውረዳቸውን ቆሞ ቆጠረ።

ከራሱና ከሁለቱ ነፍስ አድኖች ሌላ አንዲት ባዶ ምስማር ብቻ ቀረች። 418።

ሙዚቀኞቹ አልሄዱም። ሹማምንቱም ባለሥልጣን መሆናቸውን ረስተው ከሰዉ ጋር ብርዱ ላይ ቆመዋል። ውጪ መጨላለም ሲጀምር ደወሉ ሦስት ጊዜ መታ፤ አሳንሰሩ ሰው ይዞ እየወጣ ነው። በሩ ተከፈተ። ሁለቱ ነፍስ አድኖች ወጡ፤ በመሐላቸው ቴኦፊል። የበዓል ልብሱ ክንዱ ላይ ተቀዷል፣ ከወርቃማዎቹ ቁልፎች የቀሩት ሦስት ናቸው፣ ፊቱ እንደ ድሮው ጠቁሮ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሁለቱ ሰዎች ደርሰው ሲጎትቱት ከጣሪያው አንድ ትልቅ ድንጋይ ወርዶ ሣጥኗን ጨፍልቋታል። ይህን የተናገሩት እነሱ ናቸው፤ እሱ አንስቶትም አያውቅም።

ኤቫልድ ንጹሕ ጃኬቱን ለብሶ ፊቱ ቆመ። ቴኦፊል ከላይ እስከ ታች አየው። የስምንት ወሩ ነገር በመሐላቸው ነበር፤ ሰውም ሁሉ ያውቀዋል።

"እግዜር ያግዝህ" አለ ኤቫልድ። መጀመሪያ እሱ ነው ያለው።

"እግዜር ያግዝህ" አለ ቴኦፊል፤ ከዚያም "የት ነበርክ?" አለው።

"ከእርግቦቹ ጋር።"

ቴኦፊል ሊስቅ ፈልጎ ሳል ያዘው። ሳሉ ሲለቀው እጁን ኤቫልድ ትከሻ ላይ አደረገ፤ ንጹሑ ጃኬት ጠቆረ።

"አልወጣም ብለህ የቀረህ መሰለኝ" አለው ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። "እዚያው ሣጥኗ ላይ።"

ኤቫልድ ሊዋሽ ይችል ነበር። ጠዋት ሣጥኗ ላይ ተቀምጦ መብራቱን አጥፍቶ እንደነበር፣ ምነው እዚህ ብቀር ብሎ እንዳሰበ፣ ያስነሣው ምን እንደሆነ ራሱም እንደማያውቅ፣ ይህን ሁሉ መሸፈን ይችል ነበር።

"አስቤው ነበር" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ሰላምታ ስነሳህ ኖሬ ለምን ወረድክ?"

"እሱን ላይ ወጥተን እንጣላበታለን ብዬ ነዋ" አለ ቴኦፊል። "ታች ጣሪያው ለጠብ አይመችም።"

ኤቫልድ ያን ጊዜ ያለው በዚያ ከተማ ወንዶች ዘንድ ያልተለመደ ነበር። አመሰግንሃለሁ አለው። ስምህን ሳጎድፍ እኔን ፍለጋ ወረድክ አለው፤ በሕይወቴ እንዲህ ያደረገልኝ የለም አለው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ቴኦፊል መሬት መሬቱን እያየ በቃ በቃ ይል ነበር። ከዚያ ሁለቱም መብራት ክፍል ገቡ። በርናዴታ አሁን ስቀሉ አለቻቸው፤ ሰቀሉ። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ሞልቷል። ከዚያ ወጥታ ለባንዱ መሪ እጇን አነሣችለት፤ ሙዚቃው ጀመረ። ንግግሩን ያስታወሰው የለም።

ሰኞ ሙዚየሙ ሰሌዳውን ሲወስድ ሁለት ምስማር ባዶ ነበር። በርናዴታ ተጠይቃ፣ በዚያ ቦታ መቼም ቢሆን የጎደለ አይጠፋም ብላ መለሰች። ሁለቱን ናሶች በፖስታ አድርጋ ለኤቫልድ ልካለት ነበር።

በሚያዝያ ኤቫልድ ድንጋዩ ተራራ ላይ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያውን ሳምንት ፀሐይ ፊቱን ላጠችው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሳያያት የቀረችውን በአንድ ጊዜ ተበቀለችው። የመብራት ገመድ መዘርጋት፣ ብረት ማሠር፣ እነዚህን እጁ ያውቃቸው ነበር፤ ቴኦፊል የቀረውን አሳየው፣ በየሰዓቱ መስታወት ወልዋይ እያለው። በሁለተኛው ሳምንት ኤቫልድ ከቤቱ ሳንቃ ይዞ መጣ። ዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ መታውና ምስማር ደረደረበት፣ ለሥራው ሰው ሁሉ የሚበቃ። ሁለቱን ናሶች ሰቀለ፤ ለሌሎቹ ከቆርቆሮ ቆርጦ ቁጥር ጻፈላቸው። ወጣቱ መሐንዲስ ሳቀ። እዚህ ባዶ ሜዳ ላይ ማን ይጠፋል አለው፤ ከዚህ ሆኜ ሁላችሁንም አይደለም እንዴ የማያችሁ። ኤቫልድ አልተከራከረም። ግን ጠዋት ሲመጣ ቁጥሩን አንስቶ መያዙን፣ ማታ መስቀሉን አልተወም፤ ከጉድጓድ የመጡት ሌሎቹም እንደዚሁ። ከሁለት ወር በኋላ መሐንዲሱም የራሱን ቆርቆሮ ጠየቀ።

አንድ ቀን ዝናብ መጣና ሥራ ቀደም ብሎ ቆመ። ሁሉም ቁጥሩን ሰቅሎ ወደ አውቶቡሱ ሮጠ። ኤቫልድ ግን ከተራራው ወዲያ ማዶ የተፈታ የመብራት ገመድ ነበረበት፤ ውኃ ሳይገባበት ልጨርሰው ብሎ ቆየ። ሲመለስ አውቶቡሱ ሄዷል። ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ክዳን በሌለው ደረጃ፣ አንድ ሰው ኮቱን ራሱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ቴኦፊል ነበር፤ ከአንገቱ በታች ውኃ ሆኗል።

"ምነው አልሄድክም?" አለው ኤቫልድ። "ገመድ ላይ እንዳለሁ ታውቃለህ፤ ደግሞ ከዚህ ትንሽ ብትወጣ ታየኝ ነበር።"

"አይቼሃለሁ" አለ ቴኦፊል። "ቁጥርህ አልተሰቀለም።"

ኤቫልድ ከኪሱ አወጣትና ከ418 ጎን ሰቀላት። ከዚያ ኮቱን ለሁለት ተከናንበው በእግራቸው ወረዱ።